በውርስ መሐንዲስ ሆንኩ

ሰው ከሞተ ወንድሙ ብዙ ነገር ይወርሳል። ኮት ይወርሳል። ጫማ ይወርሳል፤ ከእግሩ ከሰፋም ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቆ ይወርሳል። እኔ የወረስኩት ምህንድስና ነው። ብትስቁ አልቀየማችሁም። እኔ ራሴ ስቄያለሁ፤ ያውም በወንድሜ ለቅሶ ላይ፣ ያውም ቄስ እየተናገሩ። አክስቴ በክርኗ ጎኔን ስትጎስመኝ ነው ያቆምኩት።

ከመነሻው ልንገራችሁ። ታዲያ ታገሡኝ፤ ስናገርም ስጽፍም አነክሳለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ። ጨርሻለሁ ስል ክፍሉን ነው፤ ፈተናው ግን እሱ ነው እኔን የጨረሰኝ። ታላቅ ወንድሜ ሲሳይ ፈተናውን አልፎ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ የውሃ ምህንድስና ተማረ። በአንድ ቤት ሁለት ወንድማማች ሲያድጉ አንዱ ጭንቅላቱን፣ ሌላው እንጀራውን ይወስዳል መሰለኝ። እኔ እንጀራውን ወሰድኩ።

መንደራችን ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ ከሚወስደው መንገድ ተነጥሎ አፋፍ ላይ የተሰቀለ ነው። ምንጩ ደግሞ ገደሉ ግርጌ ነው። ሰው ላይ፣ ውሃ ታች። ይህን ማን እንዳደላደለው አላውቅም። ምናልባት መጀመሪያ የሰፈሩት ሰዎች ጠላት ይፈሩ ነበር፤ ጥማትን ግን አልፈሩም። እናታችን በየቀኑ ባዶ ጄሪካን አንጠልጥላ ትወርዳለች፣ ሙሉውን አዝላ ትወጣለች። ሲሳይ ዩኒቨርሲቲ የገባ ጊዜ፣ ውሃውን ግቢሽ ድረስ አወጣልሻለሁ አላት። እሷስ ውሃው ይቅርብኝ፣ አንተ በደህና ተመለስልኝ ነበር ያለችው።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንድ መምህር አዲስ ዓይነት ትምህርት ጀመሩ። የተለያየ ሙያ የሚማሩ ልጆች በአንድ ችግር ዙሪያ አብረው ይቀመጣሉ፣ አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይወድቃሉ ወይም ያልፋሉ። ሲሳይ ለዕረፍት መጥቶ ሲያስረዳኝ፣ ሲቪሉ የሲቪልን ብቻ፣ ኤሌክትሪኩ የኤሌክትሪክን ብቻ ተምሮ ሲወጣ፣ ሕንፃው ተለስኖ፣ ቀለም ተቀብቶ ካለቀ በኋላ ሽቦ ለማስገባት ግድግዳው ይበሳል አለኝ። እኔም፣ ታዲያ ይሄን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ ያስፈልጋል ወይ አልኩት። ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ነበር የሚስቀው።

የሲሳይ ቡድን ያገኘው ችግር የእኛው ምንጭ ሆነ። እሱ ነው የመረጠው። ናትናኤል የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ ሲቪል ስለሚማር ታንከሩንና የቧንቧውን መስመር ያዘ። ቶሎሳ ከአምቦ በኩል ነው፤ መካኒካል ስለሚማር ፓምፑን ያዘ። ሐያት ከወደ መርሳ የመጣች የኛው የወሎ ልጅ ናት፤ ኤሌክትሪክ ስለምትማር ፓምፑን የሚያንቀሳቅሰውን ሶላር ያዘች። ሲሳይ ደግሞ የውሃውን ነገር ከማጥናት በላይ ሦስቱን እንዲያገናኝ ተሰየመ። ምክንያቱም ሦስቱ እርስ በርስ አይሰማሙም፤ ሁሉም ግን ከእሱ ጋር ይስማማሉ። አንዳንድ ሰው እንዲህ ነው። እንደ ጭቃ። ድንጋይና ድንጋይ መሀል ገብቶ ግድግዳ ያደርጋቸዋል፤ ጭቃው ሲታጠብ ነው ድንጋይነታቸው የሚታየው።

በኅዳር ሲሳይ ሞተ።

እኔ ያኔ ኩልመስክ ከተማ አጎቴ ዘንድ ነበርኩ። ስልክ ተደወለልኝና፣ ሲሳይ ትንሽ አሞት ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት መጥቷልና ና ተባልኩ። እንግዲህ አገራችሁን ታውቁታላችሁ። መርዶ በቀጥታ አይነገርም። መጀመሪያ ትንሽ አሞታል ነው። ቀጥሎ ጠናበት ነው። ሰውዬው ተቀብሮ አፈሩ ደርቆ እንኳ፣ ሐኪም ቤት ነው የሚባልበት ጊዜ አለ። ከዚያ በማለዳ ሽማግሌዎች ደጅህ ላይ ተኮልኩለው ስታይ ጉልበትህ ራሱ ይነግርሃል። ይህን ሁሉ እያወቅሁ፣ ሰው በራሱ ላይ ሲደርስ ይደድባል መሰለኝ፣ ለታመመው ወንድሜ ብርቱካን ገዝቼ ሄድኩ። ብርቱካን አንጠልጥዬ ድንኳን ውስጥ ገባሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም። ብርቱካኑን የለቀስተኛ ልጆች በሉት።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሦስቱ ጓደኞቹ ለቅሶ ሊደርሱ መጡ። ድንኳኑ ጥግ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ናትናኤል እንባውን በመነጽሩ ሥር እየጠረገ፣ ቶሎሳ መሬት መሬት እያየ፣ ሐያት ሻሿን አፏ ላይ ይዛ። የንስሐ አባታችን መምሬ ካሳ የማን ወገን እንደሆኑ ጠየቋቸው። ናትናኤል፣ አንድ ቡድን ነበርን፣ በየሳምንቱ እንገናኝ ነበር፣ ተራ እየገባን እንጋባበዝ ነበር፣ ሲሳይ መሪያችን ነበር አላቸው።

መምሬ ራሳቸውን ነቀነቁ። ለእሳቸው ነገሩ ግልጽ ነበር። በየጊዜው መገናኘት፣ ተራ ገብቶ መደገስ፣ መሪ መሰየም፤ ይህ የጽዋ ማኅበር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ማኅበር ከሆነ ደግሞ ሥርዓት አለው።

«ማኅበርተኛ ሲሞት ቦታው ባዶ አይሆንም» አሉ፤ በመስቀላቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «ወንድሙ ይተካል። ይኼ ልጅ ከዛሬ ጀምሮ ማኅበርተኛችሁ ነው። ተቀበሉት።»

የሳቅሁት ይሄኔ ነው። ሦስቱ ተያዩ። በለቅሶ ቤት ከቄስ ጋር ማን ይከራከራል? ሐያት እንኳ፣ እስላም መሆኗ እየታወቀ፣ ቀና ብላ «እሺ አባቴ» አለች። በዚህ መልክ የሒሳብ ፈተና የጣለኝ ሰውዬ፣ ያለ መግቢያ ፈተና፣ በመስቀል ጥቆማ ምህንድስና ገባሁ።

ልጆቹ ሊሄዱ ሲነሡ እናቴ ቀና አለችና፣ «ልጄ ግቢሽ ድረስ ብሎኝ ነበር» አለች። ይህን ብቻ።

«ግቢዎ ድረስ ይመጣል፣ እማማ» አላት ናትናኤል። «ለመንፈቁ ተዝካር ይደርሳል።»

ለቅሶ ቤት የሚገባ ቃል ከመሐላ ይብሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ሲሳይ የጀመረው አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ጫፍ ይድረስ። ዲግሪው ቀርቷል፣ ሠርጉ ቀርቷል። ይህ አይቅር።

ከፋሲካ በኋላ ልጆቹ ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው መጡ። ወንዶቹ እኛ ቤት፣ ሐያት አክስቴ ቤት አረፉ። የመጀመሪያውን ስብሰባችንን በግቢያችን አደረግን። ስብሰባችን ማለቴን ልብ በሉልኝ። እኔም በሲሳይ ቦታ፣ በሲሳይ ኮት ተቀመጥኩ። ናትናኤል ሁሉ ነገር የሚጀምረው ከመሬቱ ነው አለ። ቶሎሳ መሬት ብቻውን ውሃ አያወጣም፣ የሚጀምረው ከፓምፑ ነው አለ። ሐያት ፀሐይ ካልተገኘ ሁለታችሁም ጌጥ ናችሁ አለቻቸው። አንዱ ወረቀት ላይ ሲስል ሌላው ወረቀቱን ይገለብጠዋል። በመጨረሻ ሦስቱም ወደ እኔ ዞሩ። ናትናኤል ቀስ ብሎ፣ ሲሳይ ቢኖር ምን ይለን ነበር አለኝ።

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? ካሰብኩ በኋላ፣ መጀመሪያ ምሳ ብሉ ይል ነበር አልኳቸው። እውነቴን ነው፣ ይል ነበር። በሉ። እየበሉ ለትንሽ ጊዜ ሰላም ሆነ። የሽሮ ጥቅሙ እሱ ነው፤ አፍ ይዘጋል።

የእኔ የመጀመሪያ የምህንድስና ሥራ ሶላሩ የሚቆምበትን ቦታ ከመንደሩ ሰው ጋር መመካከር ሆነ። ሐያት ናት የላከችኝ። መምህራቸው፣ ሕዝቡ ያልመከረበት ነገር አይበረክትም ብለው አስተምረዋቸዋል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ነገርኳቸው። ብዙ ተመከረ። ውሳኔው በአንድ ድምፅ ወጣ፤ ይህን የመሰለ ውድ መስታወት ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ካለው ትልቅ ወይራ ሥር ይቁም፣ ፀሐይ እንዳይመታው። እኔም በኩራት ለሐያት አደረስኩላት። ሐያት መሬት ላይ ተቀመጠች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። በኋላ ከጓዳችን ጀርባ ካለው ካብ ላይ ተተከለ። ተተክሎም ኃይል አልሰጥ አለ። ሐያት ሽቦ ስትፈታ፣ ሽቦ ስታስር ዋለች። ለካ እናቴ ቀትር ላይ የሚነደው መስታወት አሳዝኗት፣ ነጠላዋን አልብሳዋለች።

ያ ሁሉ ይሁን፣ ያ ያስቃል። የማያስቀው ናትናኤልና ቶሎሳ የተኳረፉ ጊዜ የመጣው ነው። የተጣሉበት ምክንያት የቧንቧው ውፍረት ነው። ናትናኤል ያመጣው ቧንቧ ከቶሎሳ ፓምፕ አፍ ይበልጣል። አንዱ አንተ ነህ የተሳሳትከው አለ፣ ሌላው አንተ አለ። መገጣጠሚያ ብረት ከላሊበላ ከተማ ተፈልጎ ተገኘ፤ ሰዎቹን የሚገጣጥም ብረት ግን አልተገኘም። ቶሎሳ ከምንጩ አጠገብ ገደል ውስጥ፣ ናትናኤል አፋፉ ላይ፣ ሐያት ካቡ ላይ ሆነው ሁሉም የየራሱን ይሠራል። ገደሉ ውስጥ ስልክ አይሠራም፤ ማታ ቤት ሲገቡም ሁለቱ ጀርባ ለጀርባ ነው የሚተኙት። ስለዚህ ወሬ የማመላልሰው እኔ ነኝ። ማገናኘት ይሉታል። በእኔ ዘንድ ማገናኘት ማለት ጭን ማበጥ ነው።

አንድ ቀን ናትናኤል ጠራኝና፣ ታንከሩ ከቤታችን በላይ ባለው ሜዳ ላይ ሊቀመጥ ነበር፣ አፈሩ የሚናድ ሆነ፣ ስለዚህ እስከ ጉብታው ጫፍ አውጥቼዋለሁ፣ ለቶሎሳ ንገረው አለኝ። ፊቱ ጠቁሯል። ቁልቁል ስወርድ ምን ብዬ እንደምነግረው አሰብኩ። ቶሎሳ ድንጋይ ሲፈነቅል ውሎ ላብ አጥምቆታል። እንዲህ ላለ ሰው ክፉ ወሬ እንደ ድንጋይ አይወረወርበትም። ሰው አሳድጎኛል። ውሃ አቀበልኩት፣ እንዲቀመጥ አደረግሁት፣ ከዚያ ታንከሩ ትንሽ ፈቀቅ ብሏል አልኩት። ግን ደህና ነው አልኩት። እሱም ደህና ከሆነ ደህና ነው አለና ወደ ሥራው ተመለሰ።

እሱም በተራው ላከኝ። በግንቦት ምንጩ ሸሽቷል፣ ፓምፑን ወደ ታች ሸለቆው ውስጥ አውርጄዋለሁ፣ ለሁለቱም ንገራቸው አለኝ። ሽቅብ ወጣሁ። ናትናኤል ምሳውን እየበላ ነበር። ምግብ ላይ ክፉ አይወራም። ቶሎሳ ትንሽ ወረድ ብሏል፣ ሰላም ብሎሃል አልኩት። ሰላም ማለቱ ውሸት ነው፤ የተኳረፉ ሰዎች መሀል የቆመ ሰው ካልዋሸ ምን ሥራ አለው?

ሐያት ደግሞ አንደኛው መስታወት በመንገድ ተሰንጥቆ ኖሮ ኃይሉ እንደሚያንስ ነገረችኝና ሁለቱም እንዲያውቁት አለች። ዓይኗ ቀልቷል። ይህንንስ እንዴት ልንገራቸው? መስታወቱ ትንሽ ተጭሯል አልኳቸው።

ከእናንተ መካከል መሐንዲስ ካለ እስካሁን ራሱን ይዟል። ታንከሩ ወደ ላይ ሄዷል፣ ፓምፑ ወደ ታች ሄዷል፣ ጉልበቱ ቀንሷል። እኔ ግን ሦስት መርዶ በሥርዓቱ፣ ማንንም ሳላስደነግጥ አድርሻለሁ። ሌሊት በሰላም ተኛሁ።

የተዝካሩ ጠላ እናቴ በጀርባዋ ባወጣችው ውሃ ተጠመቀ፤ ቧንቧው ከዕለቱ ቀድሞ አልደረሰማ። በዕለቱ ግን ሁሉ ነገር አለቀ። ግቢያችን ውስጥ ቧንቧው ቆሟል፣ ናትናኤል ሲሚንቶ ለስኖ አሳምሮታል። መምህራቸውም መጡ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ ለስላሳ ሰው ናቸው፤ እናቴን ጉልበቷ ድረስ ዝቅ ብለው ነው ያጽናኗት። ፍትሐቱ ደረሰ፣ መምሬ ባረኩ። ሐያት ካቡ ላይ ሆና ማብሪያውን ጫነች። ሰው ሁሉ ቧንቧውን ከበበ። እናቴ ባዶ ጄሪካን ሥሩ አስጠግታ ቆመች።

ጠበቅን። ታንከሩ ይሙላ ተባለ፣ ጠበቅን። ከዚያ ናትናኤል ከፈተው። ቧንቧው ሳለ። ከዚያ እፍፍ የሚል ነፋስ ወጣው። ሴቶቹ መጣ ብለው እልልታውን አነሡት፤ አነሡትና መሀል ላይ ተዉት። ግማሽ እልልታ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትስሙ።

ናትናኤል ወደ ታንከሩ ሮጦ ወጣ። ጠብታ የለም። ከቤታችን በታች ቧንቧው የተጋጠመበትን ፈትተው አዩ። የለም። ትንሽ ወርደው ሌላውን ፈቱ። የለም። እንዲህ እየፈቱ ቁልቁል ሲወርዱ፣ ከዳገቱ እኩሌታ ላይ፣ ሴቶች ጄሪካናቸውን አስደግፈው ትንፋሽ የሚሰበስቡበት ድንጋይ ጋ ሲደርሱ፣ ውሃው ቶሎሳን ደረቱ ላይ መታው። ወጥቶ ወጥቶ እዚያ ደክሞት ቆሟል።

መምህሩ አልተቆጡም። ታንከሩ ከፍ ማለቱን ታውቅ ነበር ወይ ብለው ቶሎሳን ጠየቁት። ትንሽ ፈቀቅ ብሏል ተባልኩ አለ። ፓምፑ መውረዱንስ ብለው ናትናኤልን ጠየቁት። ትንሽ ወረድ ብሏል ተባልኩ አለ። ሐያት፣ እኔ ስለ መስታወቱ ልኬ ነበር አለች። አራቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«ትንሽ ማለት ስንት ሜትር ነው፣ ልጄ?» አሉኝ መምህሩ።

ምን ልበላቸው? ለእኔ ወንድሜ ትንሽ አሞታል ተብሎ ነው የተነገረኝ። በእኛ ቤት ትንሽ ማለት ሁሉም ማለት ነው።

አሁን የቀረው ለእናቴ መንገር ነው። ላይ ሆና እንግዳ እያስተናገደች፣ ዓይኗ ግን ቧንቧው ላይ ነው። ማን ይንገራት? ሦስቱ ልጆች እንደ ሽማግሌ ተሰልፈው ግቢ ገቡ። ናትናኤል መነጽሩን አወለቀ። እኔ ኋላቸው ቆምኩ።

«እማማ፣ ውሃው ትንሽ ደክሞታል» አለ ናትናኤል።

«መንገድ ላይ ነው» አለ ቶሎሳ።

«ይመጣል፣ ኢንሻ አላህ» አለች ሐያት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር። እነሱ ከእኔ ተማሩ እንጂ እኔ ከእነሱ ምንም አልተማርኩም። እናቴ አንድ በአንድ አየቻቸው። ጄሪካኑ አሁንም ቧንቧው ሥር ነው።

«ቀርቷል በሉኝ» አለች። «መርዶ እኔ አላውቅም?»

ሐያት ስቅስቅ አለች። እናቴ እጇን ያዘቻትና ወስዳ አስቀመጠቻት፤ ለእሷ ብላ በአዲስ ሰሃን ለብቻ ያቆየችላትን የጾም ወጥ አቀረበችላት። ወንዶቹንም ብሉ አለቻቸው። ዛሬ የልጄ ቀን ነው፣ ማንም ሳይበላ አይሄድም አለች። በሉ። ሲያለቅሱ መብላትን ያኔ አየሁ፤ አስቀያሚ ነገር ነው።

ቶሎሳ ያንኑ ዕለት ከመሄዱ በፊት ድንጋዩ ጋ ቧንቧውን ቆርጦ መክፈቻ አበጀለት። መምህሩ ትልቅ ፓምፕ ተፈልጎ በሚመጣው ዓመት ይሞላል አሉ። በሚመጣው ዓመት ግን ሦስቱም ተመርቀው ይበተናሉ። ከማኅበሩ የሚቀር እኔ ብቻ ነኝ። መምሬ ካሳ ግን ተስፋ አልቆረጡም፤ ሙሴው፣ መሪው ማለት ነው፣ አንተ ነህና ማኅበሩን ሰብስብ ይሉኛል። ናትናኤልና ቶሎሳ አሁን ታርቀዋል አሉ። የሲሳይ ሞት ያላመጣውን እርቅ የእኔ ውርደት አመጣው።

እንግዳው ከተበተነ በኋላ የሚታጠበው ድስት፣ ጋን፣ ብርጭቆ ግቢውን ሞልቶት ነበር። እናቴ ወገቧን በመቀነት አጥብቃ ጄሪካኗን አነሣች። ፀሐዩ ገና አልጠለቀም። ሮጬ ሄድኩና፣ እማዬ፣ ትንሽ አረፍ በይ አልኳት። ትንሽ የሚለውን ቃል ሳልጨርሰው ምላሴን ነከስኩ።

አየችኝ። ተቆጥታ አልነበረም። ጄሪካኑን ከነገመዱ እጄ ላይ አኖረችው።

«ግማሹን ወንድምህ አውጥቶታል» አለች። «የቀረውን አንተ ተሸከም።»

ድንጋዩ ጋ ወርጄ ቀዳሁ። አዘልኩ። ግማሽ መንገድ ቀላል ሊመስላችሁ ይችላል። ሽቅብ ነው።